«የዲስክ ስህተት እየጠገንኩ ነው» ብሎ የቀረው የአባቴ ኮምፒውተርና ሁለት ጥገና ቤቶች

ጥገና ቤት ሄጄ ረክቼ የተመለስኩበትን ቀን አላስታውስም ነበር። ስልክም ይሁን ቴሌቪዥን አንዴ ከገባ ወይ «ነገ ና» ነው፣ ወይ «ቦርዱ ነው የሄደው» ነው፣ ወይ ደግሞ ያልነበረበትን በሽታ ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ስለ ሁለት ቤቶች ነው የምጽፈው፤ አንዱ ያናደደኝ፣ አንዱ የካሰኝ። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ያናደዱኝ ልጆች እንጀራቸው ነው፣ ይቅር። የካሰችኝን ብቻ ነጥዬ ብጠራ ደግሞ ማስታወቂያ ይመስላል። ሥራቸውን ስነግራችሁ ግን ሰፈራችሁ ያለው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራሳችሁ ትለያላችሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ፣ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጧል። ውስጡ የእድሩ አባላት ዝርዝር አለ፣ የየወሩ መዋጮ አለ፣ ማን ድንኳን ተውሶ መቼ እንደመለሰ፣ ስንት ሳህን እንደጎደለ ሳይቀር አለ። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮም እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ አለው ወይ ካላችሁ፣ የለውም። እኔ ልጁ ስንት ጊዜ «ፍላሽ ላይ አስቀምጥልሃለሁ» ብዬ እንደረሳሁ እሱ ይቁጠረው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። መጣ። አባባ እንደገና ከፍቶ መዋጮ መመዝገብ ሲጀምር ደግሞ ጠፋ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሲከፍተው ጥቁር ስክሪን ወጣ፤ መሃሉ ላይ የሚሽከረከሩ ነጭ ነጠብጣቦች፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የዲስክ ስህተቶችን እየጠገንኩ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል» የሚል ጽሑፍ። ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት እንግዲህ ስንት ነው? ሁለት ሰዓትም ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሦስት ቀንም ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የጀመረው ማታ 2 ሰዓት ላይም እዚያው ነበር፣ ነጠብጣቦቹም ይሽከረከራሉ። አባባ ደወለልኝ፦ «አንተ፣ ይሄ ነገር ከጠዋት ጀምሮ እየጠገነ ነው። ምን ያህል ቢበላሽ ነው?»

አጥፍቶ አብርቶታል። ያው ጽሑፍ። ደግሞ አጥፍቶ አብርቶታል። አንዴ እንደውም «ኮምፒውተርህን መጠገን አልቻልኩም» የሚል ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ፣ ሪስታርት ሲለው ወደዚያው ነጠብጣብ ተመለሰ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ወደ ጥገና ቤቶቹ ከመሄዴ በፊት ያ ስክሪን ምን እየሠራ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ የትኛው ጠጋኝ ደህና እንደሆነ አይገባችሁም። እኔም ያወቅሁት ኋላ ነው። አባቴን ያስረዳሁት በእድሩ መዝገብ ነው፣ ለእናንተም በእሱው ልንገራችሁ። ዊንዶውስ እያንዳንዱ ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ጸሐፊው የአንዱን ሰው ስም ጽፎ የከፈለውን ብር ሳይጽፍ መብራት ቢጠፋ፣ መዝገቡ እንደተከፈተ፣ መስመሩ እንደተጎመደ ያድራል። ዊንዶውስ ለዚህ ብሎ አንድ ምልክት ያኖራል፤ በሥርዓት ካልተዘጋ ምልክቱ አለ። ጠዋት ሲነሳ ምልክቱን ካየ «ቼክዲስክ» የሚባለውን ሠራተኛ ይጠራና መዝገቡን ከሳጥኑ ጋር ያመሳክራል። የተጎመደውን መስመር ያስተካክላል፣ ምልክቱን ያጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሰውም ሳያስተውለው ያልፋል።

መከራው የሚመጣው የተበላሸው ጽሑፉ ሳይሆን ወረቀቱ ሲሆን ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በዕድሜ ወይም በምት ሳህኑ ላይ የማይነበቡ ቦታዎች ይፈጠራሉ፣ ባድ ሴክተር የሚባሉት። ቼክዲስክ የማይነበበውን ቦታ ሲያገኝ ይደጋግመዋል። ዲስኩም በራሱ ይደጋግማል። አልነበብ ካለ እንደገና። ነጠብጣቡ የሚሽከረከረው በዚህ ጊዜ ነው። የበሰበሰ ወረቀት ላይ በላጲስ እንደማሸት በሉት፤ ባሻሸነው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ስክሪኑ «እየጠገንኩ ነው» ሲል አልዋሸም፣ የሚችለው ግን ጽሑፉን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። እኛ ደግሞ ውጭ ተቀምጠን «ይጨርስ ተዉት» እንላለን።

ሁለቱን መለየት ይቻላል ወይ? በመጠኑ፣ አዎ። ሳጥኑ ፊት ላይ ያለችውን የሃርድ ዲስክ መብራት እዩ። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ሥራ አለ ማለት ነው፣ ታገሡ፣ ትልቅ ዲስክ ጊዜ ይፈልጋል። 1 ቴራባይት ጤነኛ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ እንኳ ጠቅላላውን ለመዳሰስ ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል፤ ዕድሜ የጠገበው ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ ይወስዳል። መብራቷ ሳትጠፋ ድርቅ ብላ ከበራች ተጠራጠሩ፤ ጆሯችሁን ስታስጠጉ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ የሚል እኩል እኩል ድምፅ ከሰማችሁ ግን አትጠብቁ። አጥፉት። የእኛው ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። እናቴ ሰምታዋለች እኮ፣ «ሰዓቱ ነው መሰለኝ» ብላ ተወችው።

ሰኞ ጠዋት ሲፒዩውን ታቅፌ ወጣሁ (ሁላችንም ሳጥኑን ሲፒዩ እንለዋለን፣ ሲፒዩ ውስጡ ያለችው ትንሿ ነገር ናት፣ ይሁን)። ለወትሮው ፒያሳ አንድ የማውቀው ጠጋኝ ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም። ስለዚህ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንጻዎች አንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ፣ መስታወቱ ላይ በትልልቁ «ሶፍትዌርና ሃርድዌር ጥገና» ወደሚል ቤት ገባሁ። ልጁ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ቀና ሳይል «ምንድነው ችግሩ?» አለኝ። ነገርኩት። ዓረፍተ ነገሬን አላስጨረሰኝም።

«ቀላል ነው ብሮ፣ ፎርማት ነው። 600 ብር። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ና።»

«ውስጡ ያለው ዳታስ?»

«ዲ ላይ ከሆነ አይነካም።»

ይቺን «ዲ ላይ ከሆነ አይነካም» እስቲ ቆም ብለን እንያት። አገራችን ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ የሰማት ናት። ጠጋኞቻችን አንዱን ሃርድ ዲስክ ሲና ዲ ብለው ለሁለት ይከፍሉታል፣ ዊንዶውሱ ሲ ላይ፣ ፋይሉ ዲ ላይ። ዊንዶውስ ብቻ ሲበላሽ ጥሩ ዘዴ ነው፣ አልክድም፤ ሲ ተጠርጎ ይጫናል፣ ዲ ይተርፋል። ግን አንደኛ ነገር አባቴን የመሰለ ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ፊት ለፊቱ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ዴስክቶፕ ደግሞ ሲ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሲና ዲ የአንድ ቤት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ቤቱ ሲቃጠል ጓዳ የነበረውም ሳሎን የነበረውም እኩል ነው። ልጁ ችግሩ የዊንዶውስ ይሁን የዲስኩ ገና ሳያይ ነው እንግዲህ «አይነካም» ያለኝ። ሳጥኑን ሰክቶ እንኳ አላበራውም።

ፎርማት እንዳታደርግ አልኩት። «እሺ በቃ፣ ቼክ እናደርገዋለን» አለ። ማክሰኞ ደወልኩ፣ «እየሠራ ነው»። ረቡዕ ደወልኩ፣ «27 ፐርሰንት ላይ ነው»። ሐሙስ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ተገጥግጦ፣ ቼክዲስክ «አር» ከሚባለው ትዕዛዝ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ እየሮጠ ነበር። ይሄ «አር» ማለት እያንዳንዷን ሴክተር እየዳሰስክ የማይነበበውን ፈልግ፣ የተረፈውን አውጣ ማለት ነው። «ኤፍ» ብቻ ቢሆን መዝገቡን አስተካክሎ ይወጣል፣ ቀለል ያለ ነው። «አር» ግን እየሞተ ላለ ዲስክ ሕመምተኛን ተራራ እንደማስወጣት ነው። ከዚያ ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ብሮ። ዳታው አይወጣም። አዲስ እንግጠምልህ?»

ለምርመራ ተብሎ 300 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም። ዲስኩን ይበልጥ ላደከሙልኝ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሌቦች አይደሉም። ከመስጠቴ በፊት ሳጥኑን ከፍቼ የሃርድ ዲስኩንና የራሙን ተለጣፊ ጽሑፍ ከነቁጥሩ ፎቶ አንስቼ ነበር (እናንተም አድርጉት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰውም አይከፋውም)፤ ስመለስ ሁሉም በቦታው ነበር። ጥፋታቸው ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ለእነሱ የመጣው ሳጥን ነው፤ ለእኛ ግን የሄደው የእድሩ መዝገብ ነው።

ሁለተኛዋን ቤት ያገኘኋት በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ምልክቷ እንኳ በወረቀት ታትሞ የተለጠፈ። አባባ በዚህኛው «እኔ ራሴ ካልሄድኩ» ብሎ አብሮኝ መጣ። ጠጋኟ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ልጅ ናት። ወንበር አቀረበችለት። ሳጥኑን ከመንካቷ በፊት እሱን ነው ያናገረችው።

«አባባ፣ ውስጡ ምን አለ?»

አባባ ከመዋጮው ጀምሮ እስከ ሳህኑ ድረስ ዘረዘረላት። አላቋረጠችውም።

«ሌላ ቦታስ ተቀምጧል?»

«የት ይቀመጣል ልጄ? ያው ቤት ውስጥ ነው እንጂ።»

«እሺ። ሲጨርሱ እንዴት ነው የሚያጠፉት?»

አባባ ዝም አለ። ወደኔ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያው... በዲቫይደሩ» አለ። ሹት ዳውን ሲለው ይዘገይበታል ለካ! ስንት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማጥፋቱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ ልስቅ ነበር፣ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ሳጥኑን አላበራችውም። መጀመሪያ ፈታ ሃርድ ዲስኩን አወጣችና በወረቀት ፕላስተር «አይከፈት» ብላ ጻፈችበት። ቀጥላ ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሳታ ኬብል ቀየረች፤ አንዳንዴ ያ ስክሪን የሚመጣው ዲስኩ ታምሞ ሳይሆን ኬብሉ ላልቶ ወይም አርጅቶ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ጥገና ነው አለችን። ከዚያ ዲስኩን በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ አድርጋ ሰክታ «ክሪስታልዲስክኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተች። ይህን ፕሮግራም እናንተም አውርዱት፤ ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን የጤና ማስታወሻ ያነብላችኋል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ አለቀ። የእኛ ቢጫ ነበር።

ስክሪኑን ወደ አባባ አዙራ አሳየችው። «05» የሚለው መስመር ዲስኩ ተበላሹ ብሎ በመለዋወጫ የተካቸው ሴክተሮች ናቸው። «ሲ5» የሚለው ደግሞ አንብቤ ማረጋገጥ አቃተኝ ብሎ ያንጠለጠላቸው። «ሲ7» ከፍ ካለ ኬብሉን ጠርጥር ማለት ነው፤ የእኛ ዜሮ ነበር፣ ስለዚህ ኬብሉ ንጹሕ ነው። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ ካልቀየራችሁት በስተቀር እነዚህን ቁጥሮች የሚያሳየው እኛ በምንቆጥርበት በ10 ሳይሆን በ16 ነው። «28» ሲል 28 እንዳይመስላችሁ፣ 40 ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራችው ሥራ ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ዲስኩን ልትጠግነው አልሞከረችም። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት) ካለበት ፍላሽ ኮምፒውተሯን አስነስታ «ዲዲሬስኪው» በሚባል ፕሮግራም ጠቅላላ ዲስኩን፣ ከነዊንዶውሱ ከነምኑ፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ጀመረች። የዚህ ፕሮግራም ጥበቡ እንደ ቼክዲስክ የታመመው ቦታ ላይ ሙጭጭ አይልም። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ያወጣል፣ ሲያንቀው ዘሎ ያልፋል፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደዘለለው ተመልሶ የሚታገለው። ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ወጥቷል። ደግሞ የት እንደደረሰ በፋይል ይመዘግባል፤ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፣ እኛ ቆመን ሳለን እንኳ መብራት ሄዶ ነበር። ጠረጴዛዋ ሥር ያለው ባለ ባትሪው ዩፒኤስ ጢው ጢው አለ እንጂ ሥራው አልቆመም።

«ጥገናውስ?» አልኳት።

«ኮፒው ላይ ነው የምንጠግነው። ኮፒውን ባበላሸው እንደገና እገለብጣለሁ። ኦሪጅናሉን ካበላሸሁት ግን ምን አለኝ?»

መገናኛ ያለው ልጅ ይህችን ብቻ ቢያውቅ ኖሮ ስል ዋልኩ።

ጤነኛ ቢሆን 500 ጊጋባይት ዲስክ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ይገለበጥ ነበር። የእኛ ሌሊቱን አድሮ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ፈጀ። ያልተነበበው ከ40 ሜጋባይት አይበልጥም። ከዚያ ኮፒው ላይ ቼክዲስክን በ«ኤፍ» አስኬደችው፣ በደቂቃዎች አለቀ። ሦስት ቀን ሙሉ 27 ፐርሰንት ላይ የቆመው ሥራ! የእድሩ ፋይሎች በሙሉ ወጡ። ከእህቴ የሠርግ ቪዲዮዎች ሁለቱ ተበላሽተዋል፤ አንዱ የሽምግልናው ነው፣ አንዱ መልሱ ላይ ሽማግሌዎቹ የመረቁበት። ሌላው አለ።

እንግዲህ የማማርርባትን ደግሞ ልናገር፣ ሁሉም ወርቅ አይደለም። ሦስት ቀን ብላን አምስት ቀን ሆነ። ስልክ አታነሳም፤ ሥራ ላይ ስትሆን ታጠፋዋለች፣ መልእክትም አትልክም። አባባ በአራተኛው ቀን ታክሲ ይዞ እዚያ ድረስ ሄዶ በሩ ተዘግቶ ተመልሷል፤ ምሳ ወጥታ ነበር። አንድ አጭር «ነገ ይደርሳል» የሚል ጽሑፍ ምን ነበረበት?

ሌላው የፊደሉ ነገር ነው። አዲስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) አስገጥመን፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ፋይሎቹ ተመልሰው፣ አባባ ቤት ሄዶ የአባላቱን ዝርዝር ሲከፍት ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ሆኖ አገኘው። ልቡ ቀጥ ልትል ነበር። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። አባባ የሚጽፈው በድሮው ፓወር ግዕዝ ነው፤ ያኔ እነዚህ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፊደላችን የራሱን ቦታ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ) ውስጥ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ በድሮው ዘዴ የተጻፈ ሰነድ ግን ፎንቱ ከሌለ እስከዛሬ እንዲህ ነው የሚታየው። አማርኛ የሚጽፍ ደንበኛ የመጣለት ጠጋኝ ይህን ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ እሷ አልጠየቀችም። ደግነቱ የገለበጠችው ዶክመንቶቹን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ዲስኩን ነበርና፣ ተመልሰን ስንሄድ ከድሮው ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ አውጥታ ጫነችልን። አሥር ደቂቃ። አልተጨመረበትም።

ስለ ዊንዶውሱም ሐቁን ነገረችን። የአባባ ማሽን የአራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ቆሟል። «ኢንተርኔት የማይገናኝ ከሆነ 10 ይበቃዎታል፤ የሚገናኝ ከሆነ ሊኑክስ ልጫንልዎት» አለችው። አባባ ሊኑክስ ሲባል የሰው ስም መስሎት «ማነው እሱ?» ብሎ ጠይቆ ሲያበቃ 10ን መረጠ። ኢንተርኔቱ ስልኩ ላይ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ዳታውን ለማውጣት 2500 ብር፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ 4200፣ መጫኛ 500። በድምሩ 7200 ብር። ውድ ነው? የዕቃ ዋጋ እንዲህ ሽቅብ በሄደበት ጊዜ ኤስኤስዲው ላይ የምከራከርበት ነገር አላገኘሁም። ዳታ ማውጣቱ ላይም አልተከራከርኩም፤ አስቀድማ «ካልወጣ 500 ብቻ ትከፍላላችሁ» ብላ በወረቀት ጽፋ ፈርማልን ነበር። ኤስኤስዲው በነገራችን ላይ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይንቋቋም፣ ኮምፒውተሩም ወጣት ሆኗል፣ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አሁን ቡናው ሳይቀዳ ነው። ሲሞት ግን ጠቅ ጠቅ ብሎ አያስጠነቅቅም፣ ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚሄደው። ፍላሽ ግዴታ ነው ማለት ነው።

ጠጋኝ አጠገባችሁ ከሌለ ወይም መጀመሪያ ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ድምፅ ከሌለውና መብራቷ የምትሠራ ከሆነ አንድ ሌሊት ስጡት። ከዚያ በላይ ከቆመ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ አጥፉት፤ እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነሳ ከተቋረጠ ዊንዶውስ ራሱ የማገገሚያ ገጹን ያመጣል። እዚያ ውስጥ ከተራቀቁ አማራጮች መካከል ጥቁሩን የትዕዛዝ መጻፊያ ክፈቱ። አሁን ቼክዲስክ ለመጻፍ እጃችሁን አትዘርጉ። ኖትፓድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ክፈቱት፤ ፋይል፣ ከዚያ ክፈት የሚለውን ስትጫኑ የሚመጣው መስኮት ዲስኩን ሁሉ ያሳያችኋል። ከሥር ሁሉንም ዓይነት ፋይል አሳይ የሚለውን ምረጡ፣ አለበለዚያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው የሚታየው። የምትፈልጉትን ፎልደር በቀኝ ቁልፍ ኮፒ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት። ይቺን ዘዴ ቀድሜ ባውቃት ኖሮ ምናልባት የእድሩ ፋይል እሁድ ማታውኑ ወጥቶ ያድር ነበር። ፎልደሩ ከወጣ በኋላ ቼክዲስክ በ«ኤፍ» ሞክሩ፤ እዚያ ገጽ ላይ ሲ የነበረው ዲ ተብሎ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ፎልደሮቹን አይታችሁ የቱ የቱ እንደሆነ አረጋግጡ። ሳይለዩ ፎርማት የሚጽፍ ሰው ይኖራል፣ እባካችሁ።

አዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ ቢትሎከር በሚባለው ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ የሚሰካ ጠጋኝ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉት።

ስታቢላይዘር ገዝቻለሁና አያሳስበኝም የምትሉ ደግሞ አላችሁ። አባባም አለው፣ ከድሮ ጀምሮ። ስታቢላይዘር የሚያደርገው የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት ማስተካከል ነው፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲጠፋ አምስት አሥር ደቂቃ ይዞ በሥርዓት እንድታጠፉ የሚያደርገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ገና አልገዛንም፣ ዋጋውን ጠይቄ ተመልሻለሁ።

ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ለስድስት ኪሎዋ ልጅ ከ5 4 እሰጣታለሁ፤ አንዷን የወሰድኩት ስለ ስልኩ ነው። ፎንቱን ስላላሰበችበት ግማሽ ልቀንስ ነበር፣ ወንበር ስላቀረበችለት መለስኩላት። ለመገናኛው ቤት 1፤ እሱም ራሙን ስላልነኩት። ስትሄዱ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ሂዱ፣ ምሳ ከወጣች መመለሷ ይቆያል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

የድሮው ሃርድ ዲስክ «አይከፈት» የሚለው ፕላስተር እንደተለጠፈበት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እህቴ አንድ ቀን የሽምግልናውን ቪዲዮ የሚያወጣ ሰው ይመጣል ብላ ታስባለች፣ አትጣሉት ብላለች። አባባ አሁን በዲቫይደሩ አያጠፋም። ትናንት ማታ ደወለልኝ፦ «እየጠፋሁ ነው ካለኝ አምስት ደቂቃ ሆነው። ልጠብቀው ወይስ ልንቀለው?»